ዛሬ የእሱ ተራ ነው

አባቴ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ታንኳ ይሠራል። እኒያን ሰው እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። አባቴ ሊሰግድ ዳርቻው ላይ ሲቆም መረቡን የሚይዙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ እስጢፋኖስን ሊሳለሙ የሄዱ ቀን ደግሞ ታንኳዋን ብቻውን የሚቀዝፈው አባቴ ነው፤ ያን ቀን የያዘውንም ለሁለት ይከፍለዋል።

አከፋፈላቸው እንዲህ ነው። ዓሣውን ሣሩ ላይ ሁለት ቦታ ይደረድሩታል። አንዱ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። ሌላው እጁን በአንዱ ክምር ላይ አድርጎ "ይሄ የማን ነው?" ይላል። ፊቱን ያዞረው ሳያይ "የኔ" ወይም "ያንተ" ይላል፤ በቃ። ትልቁ ቆሮሶ ለማን ደረሰ ብለው ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም። ይቀላለዳሉ እንጂ።

"ጀርባህ ዓይን አለው" ይላሉ ጋሼ።

"ያንተ ጀርባ ዓይን ቢኖረውማ ሁልጊዜ ርካሹ አምባዛ ባልደረሰህ" ይላል አባቴ።

ይህን ያስቀደምኩት በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

ባለፈው ክረምት የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን ስጠብቅ፣ አባቴ መረብ እየሳበ ሳለ ደረቱን ጨመደደው። ጋሼ እንደነገሩኝ መጀመሪያ መረቡን ለቀቀ፤ ያኔ ነው የደነገጡት፤ አባቴ መረብ ለቆ አያውቅም። ላብ አጠመቀው፤ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ጋሼ ብቻቸውን ቀዝፈው ዳር አደረሱት፤ ከዚያም አዝለው እስከ መንገዱ ወሰዱት። ከመንገዱ በባጃጅ፣ ከሐይቅ ከተማ ደግሞ በሚኒባስ ደሴ ደረስን። ደሴ ያሉ ሐኪሞች የልቡ የደም ቧንቧ መጥበቡን ነግረውን ወደ አዲስ አበባ ላኩን። የሰፈሩ ሰው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም፣ አዋጥቶ ሸኘን። እናቴ ያረፈችው ስምንት ዓመቴ ላይ ነው፤ አባቴ ሌላ ልጅ የለውም። አብሬው የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴን ሕክምና ክፍል አስገብተው እስኪያወጡት ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሌላው አስታማሚ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ነው የመጣው፤ ይጸልያሉ፣ ምግብ ይካፈላሉ፣ ይነታረካሉ። እኔ የአባቴን ጫማ በፌስታል ይዤ ነበር። ጫማው ላይ የሐይቁ ጭቃ ደርቆበታል። በጥፍሬ እየፈረፈርኩ አነሳሁት። ጭቃው ሲያልቅ ሌላ የምሠራው ነገር አጣሁ።

ሐኪሙ ሲወጣ ብድግ አልኩ።

"ልጃቸው ነሽ? ሌላ ሰው የለም?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ተማሪ ነሽ?"

"ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ።"

"ጎበዝ። እንግዲያው ይገባሻል።"

ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን ቦታ ከፍተዋል፤ እዚያም ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ መረብ አስቀምጠዋል። መረቡ ቧንቧውን ከፍቶ ይይዘዋል። "ግን አንድ ነገር አለ" አለና እስክሪብቶውን የሳለው ቧንቧ ግድግዳ ላይ አደረገ። "በሽታው ጥበቱ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ራሱ ታሟል። ስብ ውስጡ ገብቶ ተቀምጧል፤ ሰውነት ደግሞ ቁስልን እንደሚታገል ከዚያ ስብ ጋር ይታገላል። ብግነት የምንለው ይህን ነው። መረቡ ብግነቱን አያጠፋውም። እንዲያውም መረቡ ራሱ ለሰውነት እንግዳ ነገር ነው፤ የቧንቧው ሽፋን በላዩ እስኪበቅልበት ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ከረጋ አደጋ ነው።" ሦስት ዓይነት ክኒን አዘዘ። ሁለቱ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ስቡን የሚቀንስ፣ ብግነቱንም የሚያበርድ። "አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሉ። ይህን በደንብ ንገሪያቸው።"

"እሺ" አልኩ። ሦስት ጊዜ ነው እሺ ያልኩት፤ የማይገባት ልጅ እንዳልመስለው ፈርቼ።

ስገባ አባቴ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነበር። "ምን አለሽ?"

"ተከፍቷል አባ። በትንሽ መረብ ነው የከፈቱት።"

"በመረብ?" ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ሳቀ። "አልሐምዱሊላህ! ዕድሜ ልኬን ዓሣ በመረብ ስይዝ ኖሬ፣ እኔኑ በመረብ ያዙኝ በይኛ!"

ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሳቁን ላቋርጠው አልቻልኩም። ስለ ብግነቱ አልነገርኩትም፤ ደም ስለመርጋቱም አልነገርኩትም።

"ክኒኖቹስ?" አለኝ።

"በየቀኑ ትውጣቸዋለህ። ለጥንቃቄ ነው" አልኩት።

ሐኪሙ ለጥንቃቄ ነው አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ።

በመስከረም መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ከሐይቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አባቴ ብቻውን ቤት ቀረ። እኔ ደግሞ ስድስት ልጆች በምንኖርበት ዶርም ውስጥ ብቻዬን ሆንኩ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። አነጋገሬን ይወዱት ነበር። "ወሎዬዋ፣ እስቲ አንዴ አብሽር በይን" ይሉኛል፤ ደስ እንዲላቸው እላለሁ፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ውስጥ አብረን እንቆምና፣ ትሪዬን ይዤ ዘወር ስል የት እንደተቀመጡ አላገኛቸውም። ፈልጌ መሄድ ስለማፍር ግድግዳው ጥግ እበላለሁ።

የሚቀለኝ ቤተ መጻሕፍት ነበር። እዚያ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አያስገርምም። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ልብ የሚናገር መጽሐፍ አገኘሁና መዝገበ ቃላት ይዤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ድሮ የልብ የደም ቧንቧ ሕመም እንደተደፈነ የውሃ ቧንቧ ይታሰብ ነበር ይላል፤ ጠበበ፣ ተከፈተ፣ ዳነ። አሁን ግን ሕመሙ የግድግዳው እንደሆነ ታውቋል። ብግነቱ ስቡን የሸፈነውን ስስ ልባስ ያሳሳዋል፤ ልባሱ ሲቀደድ ደም ይረጋል። ስቴንት አንድን ቦታ ይከፍታል፤ ብግነቱ ግን ሌላም ቦታ ይኖራል። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ያሳየኝ ይህንኑ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት። አባቴ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

በስልክ ልነግረው አስቤ ደወልኩ።

"አባ፣ እንዴት ነህ?"

"አልሐምዱሊላህ። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ። ጓደኛም ይዣለሁ" አልኩ። አልያዝኩም ነበር። "ክኒንህን ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ።"

"ጎበዝ" አልኩና ዘጋሁ። የቀረውን ቤት ስሄድ እነግረዋለሁ ብዬ አሳደርኩት።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ቤት ሄድኩ። አባቴ ከስቶ ነበር፤ ግን ደስ ብሎት ግቢውን ጠርጎ ጠበቀኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ላይ ከአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ክኒኖቹን አውጥቶ በውሃ ዋጣቸው። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ጠዋት ሻዩን ጠጣ፣ ዳቦውን በላ፣ ቆርቆሮውን ሳይነካ ተነሳ።

"አባ፣ ክኒንህን ረሳህ።"

"አልረሳሁም።"

"አልዋጥክማ።"

"ዛሬ የእሱ ተራ ነው።"

"የማን?"

"የጋሼሽ ነዋ። የማን ይሆናል?"

እንደነገረኝ ከሁለት ወር በፊት ጋሼን ደረታቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። አባቴ እንደኔው ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ጀምሮ አንድ ቀን እሱ ይውጣል፣ በማግሥቱ ጋሼ ይውጣሉ። የማን ቀን እንደሆነ እንዳይሳሳቱ አባቴ የሚውጥበትን ቀን በበሩ ጀርባ በከሰል ያሰምራል። መስመሮቹን አየኋቸው። ጥንቅቅ ብለው ተሰምረዋል።

"አባ፣ ይሄ እኮ ዓሣ አይደለም!"

"ዓሣ አለመሆኑን አጥቼው ነው?" ተመልሶ ተቀመጠ። "ስሚ። እኔን ያዘለኝ ጀርባ ነው። ሲታመም ቁጭ ብዬ ልየው? ደግሞስ አንቺው አይደለሽ ለጥንቃቄ ነው ያልሽኝ? የኔ ተከፍቷል። የእሱ ገና ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው?"

ሒሳቡ ትክክል ነበር። የተሳሳተው እኔ የሰጠሁት ቃል ነው። አዲስ አበባ የተውኩትን ግማሽ እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኩት፤ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ብግነቱ፣ ደም መረቡ ላይ ሊረጋ ስለመቻሉ። በአንድ የተዘለለ ቀን ሊሞት እንደሚችልም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

"ለሱ እንዳትነግሪው" አለ።

"አባ!"

"ከከለከልሽው ይሸሸኛል። ሸክም ሆንኩበት ይላል። አንቺ በሳምንትሽ ትሄጃለሽ። እኔ እኮ እዚህ ከእሱ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።"

ይህን ሲል ወደኔ አላየም። እኔም በሌላ ከተማ በግድግዳ ጥግ ትሪ ይዤ መቀመጤን ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን የባሰ ያሳዝነዋል ብዬ ተውኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። "ወዴት ነሽ?" አለኝ። ወደ ውሃው ወረድኩ። በሕይወቴ አባቴን እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ጋሼ ውሃው ዳር ታንኳዋን ገልብጠው ስንጥቋን እየደፈኑ ነበር።

"ዶክተሬ መጣች! ብረት ለበሱ አባትሽ የት ቀረ?" ስቴንቱን ካስገቡለት ወዲህ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

"ጋሼ፣ የሚያምዎት የት ላይ ነው?"

"ነገረሽ ማለት ነው። አፉ አያርፍም።" እጃቸውን ጫኑ። የጫኑት ደረታቸው ላይ አልነበረም፤ ከጎድናቸው በታች፣ መሐል ላይ ነው። "እዚህ። ሲርበኝ ያቃጥለኛል። ስበላ ይተወኛል።"

"ክኒኑ ተሻለዎት?"

"አባትሽን ተሽሎኛል እለዋለሁ። እንዲያው ደስ ይበለው ብዬ።" ወደ ውሃው ተመለከቱ። "እንዳትነግሪው እንጂ ብሶብኛል። ሰሞኑን ያዞረኛል። ሌላም አለ፤ ለሴት ልጅ አይነገርም።"

"ይንገሩኝ። ዶክተሬ ብለውኝ የለ?"

"ዓይነ ምድሬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።"

ከክኒኖቹ ጋር የሚመጣውን የታጠፈ ወረቀት አዲስ አበባ ሳለሁ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ሌላ የማነበው አልነበረኝም። ዓይነ ምድር ከጠቆረ ውስጥ ለውስጥ መድማት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሐኪም እንዲኬድ ይላል። እጃቸውን ያዝኩና "አሁኑኑ እንሂድ" አልኳቸው። ሲነሱ ተንገዳገዱ።

አባቴ መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ተከትሎኝ መጥቶ ሁሉንም ከሩቅ አይቷል። የጋሼን ሌላ ክንድ ያዘና ባጃጅ ውስጥ ገባን።

ደሴ ሆስፒታል በአፋቸው ካሜራ አስገብተው አዩዋቸው። ልባቸው ደህና ነው። ጨጓራቸው ቆስሎ እየደማ ነበር፤ ደምም ተሰጣቸው። ሐኪሟ ወጥታ "ምን መድኃኒት ሲወስዱ ነበር?" ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለ። ቆርቆሮውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበላት።

ሐኪሟ ክኒኖቹን አየች፤ አባቴን አየች። "እርስዎስ? የልብ ታካሚ ነዎት?"

"ዶክተር" አልኩ፤ "እባክሽ ሁሉንም ለአባቴ ንገሪያቸው። ለኔ አይደለም። ምንም አታስቀሪ።"

ሁሉንም ነገረችው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት ክኒኖች የጋሼን ቁስል እያደሙት እንደነበር፣ የእሱ መረብ ደግሞ ቀን በዘለለ ቁጥር ያለ መከላከያ ሲቀር እንደነበር ነገረችው። አባቴ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ። በመጨረሻ፣

"እንግዲያው እኔ አልዳንኩም?" አላት።

"ታክመዋል አባባ። ሕክምናው ግን አላለቀም። በየጠዋቱ ነው የሚታከሙት።"

ጋሼ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ሳቁ። "አንተ ብረት ለበስ፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ!"

አባቴ አልሳቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለ።

"ተው እንጂ።"

"አፉ በለኝ!"

"አፉ ብያለሁ። እኔስ ተሽሎኛል እያልኩ ሳታልልህ አልነበር? አንተም አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አለ አባቴ፤ ግን ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጡ ጋሼን ልጃቸው ወደ አምባሰል ደጋ ወሰደቻቸው። "ውሃው ዳር ከተውነው ነገ መረብ ይጎትታል" አለች፤ እውነቷን ነው። መንገዱ ላይ ሸኘናቸው። ሚኒባሱ ሲርቅ አባቴ እጁን አንስቶ ነበር፤ ከጠፋም በኋላ እጁን ቶሎ አላወረደም።

ወደ ቤት ስንሄድ "አባ፣ አንተም አፉ በለኝ" አልኩት። "ለጥንቃቄ ነው ማለት አልነበረብኝም። ደስታህን እንዳላጠፋብህ ብዬ ነው።"

ጥቂት ሄደና፣ "ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። "አፉ ብያለሁ። ሁለተኛ ግን ግማሽ ወሬ እንዳታመጪልኝ።"

ቤት ስንደርስ በበሩ ጀርባ ያለውን የከሰል መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ጥቁሩ ተዛመተ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ተመልሻለሁ። በየጠዋቱ ከክፍል በፊት እደውልለታለሁ። የቆርቆሮው ክዳን ሲከፈት እሰማለሁ፤ ውሃ ሲጠጣ እሰማለሁ። "ዋጥኩ" ይላል። "ሦስቱንም?" እላለሁ። "ሦስቱንም።" ከዚያ የምንለው ብዙ የለም። "ብቻህን ነህ?" አልለውም፤ እሱም አይጠይቀኝም። አንድ ጊዜ ግን "ጓደኛ ይዣለሁ ያልኩህ ውሸት ነው" አልኩት። "ድምፅሽ ነግሮኝ ነበር" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ቀላል ሥራ ፈቀደችለት። ጠዋት ስደውል ነፋስ ይሰማል።

"ውሃው ዳር ነህ?"

"ሩቅ አልሄድኩም። ትንሽ ነው የያዝኩት።"

"ክኒኑን መጀመሪያ።"

ዋጠ። ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው፣ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ፣ ዓሣ በዓሣ ላይ ጥፍ ጥፍ ሲል ሰማሁ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ክፍል ሊረፍድብኝ ነበር፤ ግን አልዘጋሁም።

"አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ።"

"ፊትሽን አዙሪ።"

ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጆች በአጠገቤ እየሮጡ ያልፋሉ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

"ይሄ የማን ነው?" አለ።

"የጋሼ" አልኩ።

"ለሱ ትልቁ ደረሰው" አለ። "በደጋው ሚኒባስ እልክለታለሁ።"

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።